የሠራሁት ሲስተም በሰው ፊት አባረረኝ

ወገን፣ ዛሬ በማይክ ተዋርጄ ነው የመጣሁት። ሳቁ፣ ፈቅጃለሁ። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡ!

ጎንደር ውስጥ አንድ የሰሊጥ ገበሬዎች ዩኒየን ጋ የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። ስድስት ወር የለፋሁበት ሲስተም ዛሬ ነበር የሚመረቀው።

ሥራው ቀላል ነው። የየመጋዘኑ ሰነድ በኔትወርክ ወደ ዋናው ቢሮ ይመጣል። ግን ፓስወርድ ብቻ አይበቃም። እያንዳንዱ ላፕቶፕ እኔ የሰጠሁት ሰርተፍኬት አለው፤ መታወቂያው በሉት። ሰርቨሩ እሱን ሳያይ ማንንም አያስገባም።

«ማንም ቢሆን!» አልኩ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት።

ላፕቶፔን ከፈትኩ። ፓስወርዴን መታሁ።

ትልቁ ስክሪን ላይ በቀይ፦ «ሰርተፍኬት አልተገኘም። መግባት አይቻልም።»



ደግሜ ሞከርኩ። (የጨነቀው ሰው ሌላ ምን ያደርጋል?) ያው ቀይ።

ለካ ለምርቃቱ ብዬ አዲሱን ላፕቶፕ ይዤ መጥቻለሁ! ሰርተፍኬቴ ያለው አሮጌው ላይ ነው። አሮጌው ደግሞ ቁስቋም፣ ቤቴ፣ አልጋዬ ላይ ተኝቷል።

ሥራ አስኪያጃችን ጠጋ አሉና፣ «ምነው ልጄ! ቁጥጥሩን ለአምስት ደቂቃ አጥፊው፣ በእንግዳ ፊት አታሳፍሪን» አሉኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ሰርቨሩ ያለው ጎን ክፍል ነው። ገብቼ ማጥፋት እችል ነበር። እግሬም ተነስቶ ነበር!

ግን ዛሬ ለእኔ እፍረት ከተከፈተ፣ ነገ ለማን ይዘጋል?

«አይሆንም ጋሼ፣ ለእኔ ተብሎ አይከፈትም» አልኩ በሹክሹክታ።

ማይኩ አልጠፋም ነበር። አዳራሹ ሁሉ ሰማ!

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ስል፣ ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ፦ «እኔ ልሞክረው እንዴ?»

አያ ሙላት! የሳንጃ መጋዘን ኃላፊ። ሥልጠናው ላይ «ይኼ ለእኔ ዕድሜ አይሆንም» ብለው አቋርጠው ሊሄዱ የነበሩት ሰውዬ። ላፕቶፓቸውን ከፌስታል አወጡ።

በአንድ ሙከራ ገቡ!

የጭነት ሰነዱን ሞሉ፣ በዲጂታል ፊርማቸው ፈረሙ፣ ላኩ። አንድ የቦርድ አባል «እስቲ እኔ ልንካው» ብሎ በእሳቸው ላፕቶፕ የተፈረመው ሰነድ ላይ አንዲት ቁጥር ለወጠ። ሲስተሙ ወዲያው «ፊርማው ከሰነዱ ጋር አይገጥምም» አለ።

አያ ሙላት ወደ ሰዉ ዞሩ። «ድሮ ማኅተሜን ያገኘ ሁሉ እኔን ይሆን ነበር። ይኼ ግን ሸጋ ነው። የሠራችውን ልጅ እንኳ አላስገባም!»

ሳቅ። ከዚያ ጭብጨባ። የምር ጭብጨባ!

ሥራ አስኪያጃችን ሲወጡ እጄን ጨብጠው፣ «አንቺን ያላፈረ እኔንማ መቼ ያፍራል» አሉኝ። ትንሽ የከፋቸው መሰለኝ። ሆ!

እና ምን ተማርኩ? ለምርቃት አዲስ ቀሚስ እንጂ አዲስ ላፕቶፕ አይያዝም።

ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ከገዛ ሥራው ተባርሮ እንዲህ ደረቱን ነፍቶ ቤቱ የገባ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?