ቃሉ እስኪመጣ

እናንተዬ፣ ሰው ፎቶ ሊነሳ ሲመጣ የራሱን ፊት ቤቱ አስቀምጦ የሚመጣው ለምንድን ነው? ሚዛን ተፈሪ ላይ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ ባጠናው ባጠናው አልገባኝም። በር ላይ የጫማውን ጭቃ እየጠረገ ከጎረቤቱ ጋር ሲሳሳቅ የነበረ ነጋዴ፣ ወንበሬ ላይ በተቀመጠ በደቂቃ ውስጥ ፍርድ ቤት የቀረበ ተከሳሽ ይሆናል። ከቴፒ የመጡ ሙሽሮች ጎን ለጎን እንደማይተዋወቁ ሰዎች ይቆማሉ። እኔም በኮምፒውተር አለሳልሼ፣ ቡግሩን አጥፍቼ፣ እነሱን የማይመስል ፎቶ እሰጣቸዋለሁ። አመስግነው ይሄዳሉ። ሙያ ይህ ይመስለኝ ነበር።

እትዬ ወይንሸት እስክትመጣ ድረስ። ታላቅ እህቴ ናት፤ ሸዋ ቤንች አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመት አስተምራለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትናገር ቃል ይይዛታል። እኛ ቤት ለዚህ ነገር ስም አልነበረውም፤ ዝም ብለን ቃሉን እንቀማት ነበር። "ው... ው..." ስትል እናታችን ውሃ ታቀርብላታለች፣ እኔ ደግሞ "ውጪ ልትሄድ ነው" እላለሁ። እሷ ስለ ውድድር ልታወራ አስባ ይሆናል። ማን ጠብቆ ይወቅላት?

ርዕሰ መምህርት ለመሆን ሁለት ጊዜ ተወዳደረች። ሁለቴም በሥራዋ ተመሰገነችና "የወላጆችን ስብሰባ እንዴት ትመራለች?" ተብላ ታለፈች። እኔ ብሆን አኩርፌ ቤቴ እቀመጥ ነበር። እሷ ሦስተኛ ተመዘገበች፤ ተሾመችም። በዚያ ትምህርት ቤት የተሾመ ሰው ፎቶው ቢሮ ውስጥ ይሰቀላልና፣ አንድ ዝናባማ ቅዳሜ ወደ እኔ መጣች።

ወንድም አይደለሁ? መብራት ቀያየርኩ፣ ጥቁር መጋረጃ ዘረጋሁ፣ አገጭሽን ቀና አድርጊ አልኳት። እሷ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ዘጋች። ሠላሳ ጊዜ ያህል አነሳኋት፤ ሁሉም የመታወቂያ ፎቶ ሆነ። እጅ መስጠት የማታውቀው እህቴ ካሜራዬ ውስጥ የለችም። ፊቷ እንዲፈታ ትንሽ እንድታወራ ለመንኳት። አፏን ከፍታ እንደማትነሳ፣ ልጆች ሳለን በተነሳነው የቤተሰብ ፎቶ ላይ ቃል ይዟት ሳለ ተነስታ ዘመድ ሁሉ እንደሳቀባት ነገረችኝ። ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርኩ። ያንን አላነሳችውም።

ይሄኔ ለመታወቂያ ፎቶ የመጡ አንድ አዛውንት ከዝናቡ ገቡ። አፋቸውን የፈቱት በቤንችኛ ነው፤ አማርኛውን ፈልገው ፈልገው ነው የሚያወጡት። የልጅ ልጃቸውን የምታስተምረው እሷ ናትና ወዲያው አወቋት፤ መሾሟንም ሰምተዋል። ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

"ልጄ፣ አንቺ... እኛን ወላጆቹን... ስብሰባ ላይ ምን ትይናለሽ?" አሏት።

አፏን ከፈተች። ቃሉ ያዛት። እንደ ልማዴ ልቀማት ስል አዛውንቱን አየኋቸው፤ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ቃል ፈልጎ ማጣትን ያውቁታላ! አስቡት እንግዲህ፤ እኛ ገበያ ላይ ቤንቹም፣ ሸኮውም፣ ካፋውም አማርኛውን እስኪያገኘው ድረስ እንጠብቃለን። የገዛ እህቴን ግን አንድ ቀን ጠብቄያት አላውቅም።

እትዬ ወይንሸት ዓይኗን አልሰበረችም። የግንባሯ ደም ስር ተገትሮ፣ ከንፈሯ ግማሽ ተከፍቶ፣ ፊት ለፊት እያየቻቸው ቃሏን ትጎትታለች። ጣቴ ሳላዘው ካሜራውን ተጫነ።

"ል... ልጆቻችሁ ሲ... ሲናገሩ አታቋርጧቸው እላለሁ" አለች።

አዛውንቱ ትንሽ አሰቡና ስብሰባው ላይ እንደሚገኙ ነገሯት።

ፎቶውን አሳየኋት። አፏ ተከፍቷል፤ ያ የምትፈራው ነገር ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። እሷም ግን አለች፤ ሦስቴ የተመዘገበችው እሷ። ወደ ኮምፒውተሩ ተጠግታ አየችው። ግንባሯን ላለሳልስ እጄን ወደ ኮምፒውተሩ ስሰድ ያዘችኝ።

"እ... እ... እንዳትነካው።"

ለዚህች አንዲት ቃል ጊዜ ወሰደባት። ጠበቅኳት።

ፎቶው አሁን ቢሮዋ ተሰቅሏል። እኔም ትልቅ አድርጌ አትሜ መስኮቴ ላይ አቁሜዋለሁ፤ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም "እህቴ ናት" እላለሁ። ችግሩ፣ ደንበኞቼ ሁሉ "እንደሷ አንሳን" ማለት ጀመሩ። ባለፈው ከማሻ የመጣ አንድ ነጋዴ ተቀመጠና ግንባሩን ቋጥሮ፣ አፉን በግማሽ ከፍቶ አፈጠጠብኝ። ጠበቅኩት። አሁንም ጠበቅኩት። በመጨረሻ ምን ሊናገር አስቦ እንደሆነ ጠየቅኩት።

"ኧረ ምንም" አለኝ።

ፎቶውም ልክ እንደዚያ ወጣ።