የተኛ ሰው ይቆጠራል ወይ?

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2019

ቦታ፦ ኢንቾን፣ የጥድ ጥላ መኖሪያ ሕንፃዎች፣ የሕንፃ 103 ምድር ቤት፣ ወለሉ የሚሞቀው የጥበቃዎች ማረፊያ

የተገኙ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አባላት፦ የጥበቃ ኃላፊውና ሰብሳቢው አቶ ፕዮ ጓንግሺክ፣ ከመኪና ማቆሚያ አቶ ታክ ብዮንግሆ፣ ከኋላ በር አቶ ኩክ ዶክማን፣ ጸሐፊ ኦክ ቹንቤ

ምልዓተ ጉባኤ፦ አራት ሰው ያስፈልጋል። አቶ ኩክ ጫማቸውን አውልቀው እንደተቀመጡ እንቅልፍ ስለወሰዳቸው፣ ይቆጠሩ ወይስ አይቆጠሩ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ሰብሳቢው፣ «ሰውነታቸው እዚህ አይደል? በቃ፣ አሉ በል» ስላሉ ጉባኤው ሞልቷል ተብሎ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተከፈተ።

አጀንዳ 1፦ የድርጅቱን ቃለ መሐላ ማብራራት

«የጥበቃ ሠራተኛ በሥራ ላይ ዓይኑን አይከድንም» የሚለው ተነበበ። አቶ ታክ ማርገብገብን ይጨምራል ወይ ሲሉ ጠየቁ። ከረጅም ውይይት በኋላ ማርገብገብ ተፈቀደ፤ ሆኖም ዓይኖቹ ተራ በተራ ቢያደርጉት ይመረጣል ተባለ። የጸሐፊው የምሳ ጸሎትስ ተብሎ ተጠየቀ። ጸሐፊው ጸሎቱ አጭር እንደሆነ፣ አንዳንድ ቀን ግን «አሜን» ላይ የሚደርሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደሆነ፣ ባለቤቱ በሕይወት ሳለች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በክርኗ ትጎሽመው እንደነበር፣ አሁን የሚጎሽመው እንደሌለ አስረዳ። ጉዳዩ በይደር ታለፈ።

አጀንዳ 2፦ የአቶ ማ ጆንግጉ ጉዳይ

የሕንፃ 103 ጥበቃ የሆኑት የስልሳ ስምንት ዓመቱ አቶ ማ፣ ከበሩ ውጭ ሁሉን ሲሰሙ ቆይተው፣ ተጠርተው ገቡ። የሦስት ወር ውላቸው ነገ ያልቃል፤ እንዲታደስ የኮሚቴው ድጋፍ ያስፈልጋል። የተከሰሱት በዕለት መዝገባቸው ላይ «ከምሳ በኋላ ሃያ ደቂቃ አንቀላፍቻለሁ» ብለው በመጻፋቸው ነው። ሰብሳቢው እንዳስታወሱት፣ በዚህ ግቢ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተጻፈው «የተለየ ነገር የለም» የሚል ብቻ ሲሆን፣ ሊፍቱ በተቃጠለበት ቀንም የተጻፈው ይኸው ነው።

አቶ ታክ ቅሬታቸው በእንቅልፉ ላይ አለመሆኑን ገለጹ። «ጋሼ ማ፣ መተኛቱንስ ሁላችንም እንተኛለን። መጻፉን ምን አመጣው? ነገ እኛንም ጻፉ ቢሉንስ?»

አቶ ማ መዝገቡ «ምን ሆነ?» ብሎ ስለጠየቃቸው የሆነውን መመለሳቸውን ተናገሩ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ዓይኑን የከደነ ጥበቃ በሥራው ላይ እንደሌለ ስለሚቆጠር፣ ውላቸው እንዳይታደስ በሦስት ድምፅና በአንድ ማንኮራፋት ተወሰነ። ጸሐፊውም እጁን አውጥቷል፤ ለምን እንዳወጣ ይህን ሲጽፍም ራሱን ይጠይቃል።

አቶ ማ ቆባቸውን አንሥተው በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ጋሼ ኩክ ተኝተው ‹አሉ› ከተባለ፣ እኔም ተኝቼ ነበርኩ። እኔ ካልነበርኩ ግን እሳቸውም የሉም። ሦስት ናችሁ።»

ሰብሳቢው በጣታቸው ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። አቶ ኩክ ተቀሰቀሱ፤ እንዳልተኙም ተናገሩ። ታዲያ ስለ ምን ነበር የምናወራው ተብለው ሲጠየቁ፣ «ስለ ክረምቱ ጎመን ነዋ» አሉ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ጉባኤው በአራት የነቁ ሰዎች እንደገና ተከፍቶ፣ ከላይ የተወሰነው ሁሉ፣ ማርገብገብ ጭምር፣ ተሻረ፤ የአቶ ማ ውል እንዲታደስም በሙሉ ድምፅ ተደገፈ። ሰብሳቢው በዕለት መዝገቡ ላይ «የተለየ ነገር የለም» ተብሎ እንዲጻፍ አዘው ስብሰባው ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ተዘጋ።

ጸሐፊው እንደታዘዘው ጻፈ። ከዚያ ከአቶ ማ እስክሪብቶ ተውሶ ከሥሩ ጨመረበት፦ «በአጀንዳ 2 መካከል ጸሐፊው ጥቂት አንቀላፍቶ ነበር።»