የምትነዝረው ምድጃና ክብርት ይመለስ

የሰው ልጅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የገዛው ዕቃ ሲበላሽ ዕድሉን ይረግማል፤ ሁለተኛው ዕቃውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ሱቁ ይመለሳል። አብዛኞቻችን ዕድላችንን ስንረግም የምንኖር ነን። ሁለተኛው ዓይነት በየሰፈሩ ከአንድ አይበልጥም፤ ፈጣሪ ለባለሱቆች አዝኖ ይሆናል።

የዚህኛው ሰፈር ድርሻ አንዲት እናት ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም አለ፤ ሰፈሩ ግን «ክብርት ይመለስ» ነው የሚላቸው። ጡረታ እስኪወጡ በስፌት ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበሩ። የሸሚዝ ቁልፍ ጎተት እያደረጉ «ይመለስ» ሲሉ ኖረው፣ ፋብሪካው በስንት መከራ ሲገላገላቸው ከተማው ተረከባቸው።

ጃንጥላ ገዝተው ክረምቱን ሙሉ ተጠቅመው በበጋው መልሰዋል። «ዝናቡን ይከላከላል፤ ነፋስ ሲመጣ ግን ይገለበጥና ያዋርደኛል» ነው ያሉት። ሐብሐብ ግማሹን በልተው መልሰዋል። ሻጩ «እናቴ፣ ጨረሱት እኮ» ቢላቸው፣ «ጣፋጭ ነው ስላልከኝ እስኪጣፍጥ ብጠብቀው አልጣፈጠም» አሉት። የጥርስ ሐኪሙ የሞላላቸውንም ጥርስ ሳይቀር «ምላሴ አልተቀበለውም» ብለው አስወልቀው አስደግመዋል።

የልጃቸው ሠርግ ፎቶግራፍማ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ክብርት ይመለስ መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡትና፣ «ሙሽራው ዕዳ የመጣበት ይመስላል፤ ይመለስ» አሉ። ሙሽሮቹ ሠርጋቸው ካለፈ ስንት ቀን በኋላ እንደገና ለብሰው፣ እንደገና ተኳኩለው ፎቶ ቤት ቆሙ። ሙሽራው በአማቱ ትእዛዝ ሳቀ። ያ ፎቶ አሁንም ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ አለ፤ እውነት ለመናገር ከመጀመሪያው ይሻላል።

ይህ ሙሽራ፣ ማለትም አማችየው፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው። ቀኑን ሙሉ አንባቢውን «እሽሽ፣ ዝም በሉ» ሲል ስለሚውል ድምፁ ከአገልግሎት ብዛት ሳስቶ አልቋል። ሻይ አዝዞ ወተት ቢያመጡለት አመስግኖ ይጠጣል። ፀጉሩን አበላሽተው ሲቆርጡት በመስታወት አይቶ «እጅህ ይባረክ» ብሎ ይወጣል። የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል፤ እሱ እሳቱን ከሩቅ ሲያይ ነው ላብ የሚያጠምቀው። እንግዲህ አማት ስትታደል እንዲህ ነው።

ነፍሰ ጡር ሚስቱ ወሯ ሊገባ ሲቃረብ፣ አማችየው ማንንም ሳያማክር አዲስ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛ። ራሱ መርጦ፣ ራሱ ተሸክሞ ደረጃውን ወጣ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ኮርቶ አያውቅም። ማታ ድስት ጥዶ የምድጃዋን ጠርዝ ነካ ሲያደርግ ከጣቱ እስከ ክርኑ ነዘረችው። ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ያየው ሰው የለም። «አዲስ ስለሆነች ነው» ብሎ ራሱን አጽናና።

በማግስቱ ሚስቱን ነዘረቻት።

«ትንሽ ነው የነዘረችሽ፣ አይደል?» አላት።

«ትንሽ ነው» አለች፣ እሷም እጇን እያራገፈች።

ይህን ስታነቡ ምን ዓይነት ጅሎች ናቸው ብላችሁ ይሆናል። እስቲ የየራሳችሁን ጓዳ ተመልከቱ። ስንቶቻችን ነን የሚነዝር ዕቃ ጠባዩን አውቀን፣ እንደ ቁጡ ዘመድ ታግሰን የምንኖረው? ባልና ሚስትም መላ አበጁ። ምድጃዋ ሥር የላስቲክ ነጠላ ጫማ ተቀመጠ። የብረት ማማሰያ ቀርቶ የእንጨት መጣ። ድስት ከማንሳት በፊት ሶኬት መንቀል ሕግ ሆነ። ጎረቤት «ሶኬቱን ገልብጠህ ሰካው» ብሎ ስለመከረ እሱም ተሞከረ፤ ምድጃዋ አንድ ቀን ታግሳ ወደ ጠባይዋ ተመለሰች። ሰው ሲጠይቃቸው «ትነዝራለች እንጂ ጥሩ ናት፤ ቶሎ ታፈላለች» ይሉ ነበር።

ለምን አልመለሳትም? ነገሩ ግልጽ ነው። መመለስ የሚባል ነገር በዚያ ቤት ከተነሣ ክብርት ይመለስ ይሰማሉ። ከሰሙ ደግሞ እጁን ይዘው ሱቅ ይወስዱታል፤ ሕዝብ እያየው ባንኮኒ ፊት ይቆማል። አማችየው ከዚያ ኮረንቲውን መረጠ። «እማማ እንዳይሰሙ» አለ፤ ሚስቱም እናቷን ታውቃለችና ተስማማች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። መውለጃዋ ሲቀርብ ክብርት ይመለስ ሻንጣቸውን ይዘው መጡ። አማችየው ጓዳው በር ላይ ቀድሞ ጠበቃቸው።

«እማማ፣ ወለሉ ይቀዘቅዝዎታል፤ ጫማ ያድርጉ።»

«አንተ ለእኔ እግር እንዲህ የምታስብ መሆንህን ሳላውቅ ኖርኩ» አሉት፣ ከላይ እስከ ታች እያዩት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ ድንች አጥባ ልትቀቅል ጓዳ ገባች። እግሯ አብጦ ስለነበር ነጠላ ጫማው አልገባላትም፤ ባዶ እግሯን እርጥቡ ወለል ላይ ቆመች። በእርጥብ እጇ የድስቱን ክዳን ስታነሣ የተሰማው ጩኸት እንኳ አልነበረም፤ አንድ የታፈነ ድምፅ ብቻ፣ ከዚያ የድስት መውደቅ። ባል ሮጦ ሲገባ ቁም ሣጥኑ ሥር ተዘርራለች። ሶኬቱን በገመዱ ጎትቶ ነቀለው። እናት ተንበርክከው የልጃቸውን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው ስሟን ደጋግመው ይጠራሉ። ዓይኗን ስትገልጥ የመጀመሪያ ቃሏ «ልጄ» ነበር፤ ሆዷን ይዛ።

ሐኪም ቤት ወሰዷት። ነርሷ ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አድርጋ ወዲያ ወዲህ ፈለገች። ከዚያ የጽንሱ ፈጣን የልብ ምት ተሰማ። አማችየው ግድግዳ ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እግዜር ነው ያተረፋት፤ እሱ ግን በገዛ እጁ ተሸክሞ ያመጣው ሞት መሆኑን አወቀ።

እቤት ሲመለሱ ክብርት ይመለስ ጓዳ ገብተው ቆሙ።

«ይህ ነጠላ ጫማ ለምንድን ነው ምድጃው ሥር የሚቀመጠው?»

አማችየው ነገራቸው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ አንዱንም ሳያስቀር። ቁጣ ጠበቀ። አልተቆጡም፤ «ይመለስ»ም አላሉ፤ ይህ ደግሞ የበለጠ አስፈራው። ምድጃዋን በአንሶላ ጠቅልለው አሠሩና «ተሸከም» አሉት።

ሱቁ በገበያተኛ ተሞልቷል። ሥራ አስኪያጁ ከረባት ያሠረ፣ አፈ ቅቤ ጎልማሳ ነው። አማችየው ምድጃዋን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ፣ እንደ ልማዱ ከማቀዝቀዣዎቹ ረድፍ ኋላ ተሸሸገ።

«እናቴ፣ ይህ የቤታችሁ መስመር ችግር ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እሺ።»

«ደግሞ ኮረንቲ ያለበት ነገር ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይነዝራል። ጫማ አድርጎ መጠቀም ነው።»

«እሺ።»

«ለእርስዎ ሲባል ግን በሌላ እንቀይርልዎታለን።»

«ይቺንስ ለማን ልትሸጣት ነው?» አሉት።

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ከመደርደሪያ አንድ ድስት አወረዱ፤ የጽዳት ሠራተኛዋን ውሃ አስሞልተው ምድጃዋ ላይ ጣዱት። ሶኬቱን ባንኮኒው ሥር ሰኩ።

«በል ድስቱን አንሣልኝ።»

ሰውየው ጨርቅ ፈለገ። «በባዶ እጅህ» አሉት፤ «እርጥብ አድርገው። ጫማህንም አውልቅ፤ የእኔ ልጅ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባላትም።»

ገበያተኛው እየተሰበሰበ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ብልህ ቢሆን ኖሮ እዚያው ይሸነፍ ነበር። ግን እልኸኛ ነው፤ ሠራተኞቹ ያዩታል፤ ደንበኛ ያየዋል። «እሺ፣ ምንም እንደሌላት ላሳይዎት» ብሎ ጫማውን አወለቀ፤ እጁን ውሃ አስነካ። ክንዱን ዘረጋ። ዓይኑ ግን ፈርቷል፤ ከማቀዝቀዣው ኋላ ለተሸሸገው አማች እንኳ ይታያል።

«እንዳትነካት!»

ሱቁ በሙሉ ዞረ። ያ ድምፅ ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ጉሮሮ የወጣ መሆኑን ከሁሉ በኋላ ያመነው ራሱ ነው። ሰው ገፍትሮ ሄዶ ባንኮኒው ሥር ወደ ሶኬቱ እጁን ሰደደ። እዚያ ሌላ እጅ አገኘ። የአማቱ እጅ ነበር፤ ሰውየው ጫማውን ሲያወልቅ ጀምሮ ሶኬቱ ላይ ነበር። አንድ ላይ ነቀሉት።

«በጩኸቱ ቀደምከኝ» አሉት ቀስ ብለው። «እሱም የሰው ልጅ ነው፤ ላስገድለው መስሎህ ነው?»

አማችየው ቀና አለ። ላብ አጥምቆታል፤ ሁሉም ያየዋል። ግን እሳቱ ውስጥ አንዴ ገብቷል። «ሚስቴ ጓዳዬ ውስጥ ወድቃ አገኘኋት» አለ ጮክ ብሎ። «ከነልጄ ላጣት ነበር። ገንዘቤ ይቅርብኝ። ግን ከዚህች ዓይነት ምድጃ አንድም ከዚህ በር አትወጣም።»

ተራ ይዛ የነበረች አንዲት ሴት ያቀፈችውን ካርቶን መሬት አስቀመጠች። ሥራ አስኪያጁ በባዶ እግሩ እንደቆመ የሱቁን ጠጋኝ አስጠራ። ጠጋኙ ምድጃዋን ሲፈታ የውስጥ ሽቦዋ ልባሱ ተልጦ ብረቱ ላይ ተኝቷል። ከመደርደሪያው ሌላ አውርዶ ፈታ፤ ያው ነው። ሦስተኛዋን አልፈታም፤ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ ሠራተኞቹ ምድጃዎቹን ሁሉ ወደ ኋላ ክፍል ሲያጓጉዙ ገበያተኛው መንገድ ለቆ አሳለፋቸው። አንድ ሽማግሌ አጨበጨቡ።

ክብርት ይመለስ ወንበር አስመጥተው ከሥራ አስኪያጁ ጎን ተቀመጡ። እንዲህ ዓይነቷን ምድጃ ቀድመው ለገዙት ደንበኞች አንድ በአንድ ደውሎ እስኪነግር አልተነሡም። አንዷ ደንበኛ ስልኩ ውስጥ «ኧረ እኛ እኮ በጫማ ነው የምንጠቀምባት፤ ጥሩ ናት» ስትል አማችየው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አማቱ ስልኩን ተቀብለው፣ «ልጄ፣ ስሚኝ» ብለው ጀመሩ። ሴትዮዋ ሶኬቱን መንቀሏን ሲያረጋግጡ ነው የመለሱለት።

ማታ ሌላ ዓይነት ምድጃ ይዘው ገቡ። ጠጋኙ ፊታቸው ፈትቶ፣ ፈትሾ፣ ዘግቶ ያስረከባቸው ነው። ሚስቱ መኝታ ቤት ጋደም ብላለች። ክብርት ይመለስ ምድጃውን ሰኩና ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

«እማማ፣ ተፈትሿል እኮ።»

«ሌላ ሰው ነው የፈተሸው» አሉ፣ እጃቸውን ቧንቧ ሥር እያረጠቡ።

ለካ ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ነበሩ። ልጃቸው የምትበላውን እሳቸው ቀድመው ሲቀምሱ፣ የምትለብሰውን ቀድመው ሲጎትቱ። ይህ ለአማችየው ገና አሁን ገባው። ሰፈር የሚስቅባቸውን እኚህን ሴት ምን ያህል እንደሚወዳቸው በዚያች ሰዓት አወቀ። መንገድ ዘግቶ ቆመ።

«እማማ፣ እኔ እያለሁ እርስዎ አይነኩም።»

ጫማውን አውልቆ፣ እጁን አርጥቦ፣ መዳፉን ብረቱ ላይ አሳረፈ። ቆየ። አልነዘረውም። እሳቸው ብረቱን ትተው ፊቱን ነበር የሚያዩት፤ አንድ እጃቸው ሶኬቱ ላይ ነው። ከዚያ እጃቸውን ከሶኬቱ አነሡና ወደ መኝታ ቤቱ ተጣሩ።

«ነይ ውጪ፤ ባልሽ ነክቶታል።»