የእመት ጉሬዛ ትምህርት ቤት እንዴት አንደኛ ወጣ

ተረት ልጀምር ነውና በረቱን ክፈቱልኝ፤ ላሟም ትግባ፣ ጆሯችሁም ይምጣ።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ሸንጎ ተቀምጠው ሹም በሚሾሙበት ጊዜ፣ ከወንዝ ዳር ከትልቅ ሾላ ሥር አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ነበረች። ርእሰ መምህርቷ እመት ጉሬዛ ነበሩ። ጥቁርና ነጭ ካባቸውን ደርበው ማለዳ በር ላይ ይቆማሉ፤ የመጣውን ልጅ ሁሉ በስሙ ይጠራሉ፤ ያረፈደውን ይቆጣሉ፤ የራበውን ሾላ ያቀምሳሉ።

ልጆቹ ከየአቅጣጫው የተሰበሰቡ ነበሩ። ከወንዝ እንቁራሪትና ዳክዬ፣ ከጉድጓድ ፍልፈልና ጃርት፣ ከዛፍ ጦጣ፣ ከሜዳ ሚዳቋ ይመጣሉ። ቆላው በሰደድ እሳት በነደደ ጊዜ ደግሞ ቤታቸውን ጥለው የተሰደዱ ኤሊዎች ተጨመሩ። ከእነዚህ አንዱ ታገል የሚባል ኤሊ ሁልጊዜ ያረፍድ ነበር፤ እመት ጉሬዛም እሱን ብቻ አይቆጡም።

«ዛሬም ደረስክ?» ይሉታል።

«ደረስኩ እሜቴ፤ መንገድ የጀመርኩት እኮ ትናንት ነው።»

ከዕለታት አንድ ቀን አንበሳ ሸንጎ ጠራና «ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይመዘኑ! መጨረሻ የወጣው ይዘጋ!» ሲል አወጀ። የእመት ጉሬዛ ትምህርት ቤት ከተዘጋች ሾላውን ዝሆን እንዲታከክበት ተወሰነ። ፈተና አውጪ አጋዘን ሆነ። አጋዘንም አስቦ አስቦ «ዕውቀት ማለት ሩጫና ዝላይ ነው» አለ። የተቃወመ አልነበረም፤ በሸንጎው የተቀመጡት አብዛኞቹ እግረ ረጃጅሞች ነበሩና።

ተቆጣጣሪ ሆኖ የተላከው ቀበሮ፣ «አስቀድሞ የተማሪው ስብጥር ይታወቅ» ብሎ ልጆቹን አሰለፈ። ሰኮና ያለው በቀኝ፣ ጥፍር ያለው በግራ፣ ላባ ያለው ከኋላ ቆመ። አንዲት የሌሊት ወፍ ግን መሀል ሜዳ ቀረች።

«አንቺስ ከየትኞቹ ነሽ?»

«ክንፍ አለኝ፣ ጥርስም አለኝ፣ እናቴ ደግሞ ጡት ታጠባኛለች።»

ቀበሮ ራሱን አከከ። «እንግዲያው አንቺ ‹ልዩ ልዩ› ነሽ» ብሎ ለብቻዋ አቆማት። እሷም ማዕረግ መስሏት ከዚያች ቀን ጀምሮ ኮራች።

ፈተናው ተጀመረ። ዳክዬ እየተወላገደች ሮጠች። እንቁራሪት ጥሩ ዘለለች፤ ግን ወደ ወንዙ ነበር። ፍልፈል በመሬት ውስጥ ሄዶ ከቀበሮ እግር ሥር ብቅ ቢል ዜሮ ተሰጠው። ታገል ሲደርስ ቀበሮ ምሳውን በልቶ አንቀላፍቷል። ፈጠነች የምትባለው ሚዳቋ ብቻ እንደ ነፋስ ሽው ብላ አለፈች።

«እሜቴ፣ አማካይ ውጤታችሁ ያሳፍራል» አለ ቀበሮ። «እስከሚቀጥለው ክረምት ካልተሻሻለ ሾላው የዝሆን ነው።»

እመት ጉሬዛ እህል አልወርድ አላቸው። ምክትላቸው አያ ዝንጀሮ ግን ሳቀ። «ምን ያስጨንቅዎታል? ቀርፋፋን ማፍጠን አይቻልም፤ ማስቀረት ግን ይቻላል። የሚጎትተው ሲወጣ አማካዩ በራሱ ጊዜ ይወጣል።»

«ልጅ ይባረራል እንዴ?»

«ማን ይባረሩ አለ? ‹አርፋችሁ ኑ› ነው የምንላቸው።»

እመት ጉሬዛ እንቢ አሉ። ኋላ ግን «ከተዘጋስ የሌሎቹ ዕጣ ምን ይሆናል?» እያሉ ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆይተው እሺ አሉ። በማግስቱ ታገልን በር ላይ ጠበቁት።

«ልጄ፣ መንገዱ ርቆሃልና ጥቂት አርፈህ ና።»

«አልደከመኝም እኮ እሜቴ።»

እመት ጉሬዛ በሩን ገርበብ አደረጉት። ታገል ዞሮ ሄደ። አካሄዱ ዝግ ያለ ነውና ጀርባው ቀኑን ሙሉ ከዓይን አልጠፋ አለ፤ እሳቸውም እስኪመሽ ወደ በሩ ማየት አቃታቸው።

ቀበሮ ተመልሶ ሲመዝን አማካዩ ከፍ አለ። ሸንጎው «ይበል! ግን ይጨመር!» አለ። ስለዚህ ዳክዬና እንቁራሪት አርፈው እንዲመጡ ተነገራቸው፤ ቀጥሎ ፍልፈልና ጃርት፣ ቀጥሎም ጦጣ ሄዱ። ልዩ ልዩም ከነማዕረጓ ተሰናበተች። በመጨረሻ ፈጠነች ብቻዋን ሮጣ ትምህርት ቤቷ ከጫካው ሁሉ አንደኛ ወጣች። ነጋሪት ተጎሰመ፤ አያ ዝንጀሮ እስክስታ ወረደ።

በማግስቱ እመት ጉሬዛ «ፈጠነች!» ሲሉ «አቤት!» አለች፤ የስም ጥሪውም በዚያው አበቃ። ፈጠነች መሮጫው ላይ ቆማ አልነቃነቅ አለች።

«ምነው አትሮጪም?»

«ማንን ልቅደም እሜቴ? ስወድቅ እንኳን የሚስቅብኝ የለ። ነገ እኔም አርፌ ልምጣ?»

ይህ ቃል ከእመት ጉሬዛ አንጀት ገባ። ሾላው ጫፍ ወጥተው ጫካው እስኪያስተጋባ ተጣሩ። የሰማው ሁሉ እየሮጠም እየተንፏቀቀም መጣ። ታገል ግን አልመጣም፤ ስለዚህ እሳቸው ራሳቸው ወደ ኤሊዎቹ ሰፈር ወረዱ።

እናቱ በር ላይ ተቀበለቻቸው። «ልጄ ቀርፋፋ መሆኑን እኛም እናውቃለን እሜቴ» አለች። «ትምህርት ቤት የላክነው ሊማር ነው እንጂ ሊቀድም መች ነው?»

እመት ጉሬዛ አንገታቸውን ደፉ። «አጠፋሁ። ና ታገል፣ በጀርባዬ ላዝልህ።»

«በእግሬ እመጣለሁ እሜቴ» አለ ታገል። «እርስዎ ብቻ በሩን አይዝጉብኝ።»

ክረምት ሲገባ ፈተናው ተደገመ፤ ትምህርት ቤቷም መጨረሻ ወጣች። ዝሆንም ሾላውን ሊረከብ መጣ፤ ኋላው ኋላው ግልገሉ ይከተለዋል። ግልገሉ መዝለል አቅቶት ከትልቁ ትምህርት ቤት «አርፈህ ና» ተብሎ ነበር። ጦጣና ዳክዬ ሲላፉ፣ ፈጠነችም ከታገል ጎን በእርምጃ ስትሄድ አየና ከመሀላቸው ዘው ብሎ ገባ። ዝሆን ሲጠራው ቢውል አልወጣም አለ።

«እንግዲያው ልጄ እዚህ ይማር» አለ ዝሆን፤ ሾላውንም ሳይታከክበት በሩ ላይ ቆመ። ዝሆን የቆመበትን በር ደግሞ አንበሳም ቢሆን ዝጉ አይልም።

ቀበሮ የልጆቹ ጫጫታ ጆሮውን ቢነሳው ጅራቱን ቆልፎ ወጣ። መንገድ ላይ አጋዘን አግኝቶት «እንዴት ናት ያቺ አንደኛ የነበረች ትምህርት ቤት?» ሲል ጠየቀው።

«ተዋት፣ ተበላሽታለች» አለ ቀበሮ። «ተማሪ ሞልቶባታል።»