ማወቅ ሌላ፣ መፈተሽ ሌላ

ጋሼ ቁልፉ ሰው የሚጠረጥሩት በር ስለሚጠብቁ ነው ወይስ በር የሚጠብቁት ሰው ስለሚጠረጥሩ? እቤታቸው ያደገችው የእህታቸው ልጅ ይህን እስከ ዛሬ መመለስ አልቻለችም። አንድ ነገር ግን ታውቃለች፤ በር ላይ ብዙ የቆመ ሰው ውሎ አድሮ ጌታውንም ደጅ ያስቀራል።

ክቡርነታቸው በሚጠብቁት መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን ባጁን ረስቶ መጣ። "መልክዎን አውቀዋለሁ። ግን ማወቅ ሌላ፣ መፈተሽ ሌላ" አሉትና ባጁ ከቤት እስኪመጣለት ዝናብ ላይ አቆሙት። ቤትም ያው ናቸው። ሚስታቸው ስታንኳኳ፣ "ማነው?" ይላሉ።

"እኔ ነኝ።"

"እኔ ማን?"

ምስኪን ስሟን ከነአባቷ ጠርታ ትገባለች።

ማዕድ ላይ እሳቸው አንዷን ቁራሽ ሲያላምጡ ሌላው በልቶ እጁን ይታጠባል። የዛሬው የምሳ ሥጋ ግን ደረታቸው ላይ ተቀርቅሮ ምራቅ እንኳ አላሳልፍ አለ። የእህታቸው ልጅ እየጎተተች ሐኪም ቤት አደረሰቻቸው።

"እንደምጠረጥረው ከሆነ…" አለች ሐኪሟ።

"መጠርጠርሽ ደግ ነው፣ ልጄ።"

"ኢኦሲኖፊል የሚባሉ የደም ሕዋሳት አሉ፤ የሰውነት ዘበኞች ናቸው። ዋና ጠላታቸው የሆድ ትላትል ነው፤ የምግብ ቧንቧ ላይ ሥራ የላቸውም። የእርስዎ ግን ምናልባት ወተቱን፣ ምናልባት ስንዴውን ጠላት ብለው እዚያ ሰፍረዋል። በእነሱ ግርግር ቧንቧው አብጦ ጠቧል። ናሙና ወስደን እናረጋግጣለን።"

ጋሼ ምራቃቸውን በመሐረብ ጠረጉ። "ሥራቸውን ነው የሠሩት።"

"ጋሼ፣ ወተትን እኮ ከሕፃንነትዎ ጀምሮ ያውቁታል" አለች የእህታቸው ልጅ።

"ማወቅ ሌላ…"

"አሁን አስተኝተን በቱቦ ሥጋውን እናወጣለን" አለች ሐኪሟ። "ከቆየ ቧንቧውን ሊቀድደው ይችላል።"

"እኔ ተኝቼ ቱቦ ሊገባ? አይሆንም።"

ለመኗቸው፤ ተቆጧቸው፤ ወይ ፍንክች። የእህታቸው ልጅ ግን መሐረቡን የያዘውን እጃቸውን አየች። ማታ ትምህርት ቤት አምሽታ በመጣች ቁጥር በሩን ሳታንኳኳ የሚከፍትላት ይኸው እጅ ነበር። "እኔ ማን?" ተብላ አታውቅም፤ ኮቴዋን ይለዩታል።

ወንበር ጎትታ በሩ ላይ ተቀመጠች። ሐኪሟ የማስተኛውን መርፌ ይዛ ስትመለስ እግሯን ዘረጋችባት።

"መታወቂያ።"

ሐኪሟ አንዴ እሷን፣ አንዴ ሽማግሌውን አየችና የደረቷን ባጅ ፈትታ ሰጠቻት።

"ጀርባውንም እዪው" አሉ ጋሼ ከአልጋቸው።

ገልብጣ አየችው። "ትክክል ነው፣ ጋሼ። እኔ እዚሁ ነኝ።"

ክንዳቸውን ዘረጉ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሼ ቁልፉ እንቅልፍ ወሰዳቸው።