የማያንኮራፋው ፓኦራ

በየዘመዱ መሃል አንድ የማያንኮራፋ ሰው አለ። ለይቶ ማወቁ አይቸግርም፤ እሱ ባደረበት ቤት መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ ያድራል። በኦፖቲኪ ከተማ ባሕር ዳርቻ ይህን ማዕረግ የያዘው ፓኦራ ነው፤ የግንድ ጫኝ መኪና ሾፌር፣ ሃምሳውን ያለፈ፣ አንገቱ ከጭንቅላቱ የሚወፍር።

«እኔ? እኔ አላንኮራፋም። ዓይኔን ጨፍኜ እያሰብኩ ነው» ይላሉ ክቡርነታቸው።

ሚስቱ ሜሬአና በስልኳ ቀርጻ አሰማችው። ክቡርነታቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው በጥሞና አዳመጡ።

«የጎረቤት ጀልባ ሞተር ነው» አሉ። «ካንዴላው መቀየር አለበት።»

ጎረቤቱ ጀልባ የለውም።

ሜሬአናን እንቅልፍ የሚነሳት ግን ጩኸቱ አልነበረም፤ ጩኸቱ ድንገት ቀጥ ሲል ነው። ትንፋሹ ይቆማል። በክርኗ ተደግፋ ትነሳና ትጠብቃለች። ልትነቀንቀው እጇን ስትዘረጋ፣ ከውኃ እንደወጣ ሰው ቃትቶ ይመለሳል። ጠዋት ሲነሳ ምንም አያስታውስም።

አንድ ሰሞን ጉንፋን ያዘው። «እስኪሻልህ ብቻ» አለችና ልጃቸው አግብታ ስትወጣ ባዶውን ወደቀረው ክፍል ገባች። ጉንፋኑ ለቀቀው። ትራሷ ግን ተከተላት፤ ከዚያ ነጠላ ጫማዋ፤ ከዚያ ልብሶቿ።

ዓርብ ዓርብ ማታ ፓኦራ ሊጠይቃት ይመጣል። ተላጭቶ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ በገዛ ቤቱ በር ያንኳኳል። «ቤቶች!» ይላል። ትስቃለች፤ ታስገባዋለች። አጠገቧ ጋደም ይላል፤ ይስማታል፤ የሌሊት ልብሷን የመጀመሪያ ቁልፍ ፈትቶ ሁለተኛው ላይ ሳይደርስ እንቅልፍ ይወስደዋል። እሱ ያልተኛ ዕለት ደግሞ ሌላው ነገር ይተኛበታል። ያኔ ግንዱን ያመካኛል፤ ናፍጣውን ያመካኛል፤ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ሜሬአና መስታወት ፊት ቆማ ወገቧን ዞር ብላ ታያለች። አስጠልቼዋለሁ ብላ ደምድማለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

የፋሲካ ሰሞን ዘመድ ሁሉ ማራኤ ተጠራ። ማራኤ የጎሳው መሰብሰቢያ ቤት ነው፤ ግድግዳው ላይ የቀደሙት አያቶች ምስል ተቀርጿል፤ ጫማ በር ላይ ይቀራል፤ ፍራሽ ከጥግ እስከ ጥግ ይነጠፋል፤ አማት ከምራት፣ አያት ከልጅ ልጅ ጎን ለጎን ይተኛል። መሸሸጊያ ክፍል የሚባል ነገር የለም። ሜሬአና ከብዙ ወራት በኋላ ከባሏ ጋር አደረች፤ ከመላው ዘመድ ጋር።

ጠዋት በመመገቢያው አዳራሽ ዓይናቸው ያበጠ ሰዎች የአጃ ገንፎ ላይ አቀርቅረዋል። ፓኦራ ታጥቦ፣ ፈክቶ ገባ።

«እንዴት አደራችሁ!»

«አላደርንም» አሉ አክስት ዊኪ፣ የጎሳው አንጋፋ። «አንተ ልጅ፣ ግድግዳው ላይ የተቀረጹት አያቶች ጆሯቸውን ሊይዙ ምንም አልቀራቸው።»

«አክስቴ፣ እኔ እኮ አላንኮራፋም። ዓይኔን ጨፍኜ…»

«ስታስብ! ሰማን እኮ ስታስብ። ሐሳብህ መንገድ ማዶ ያሉትን ላሞች ቀሰቀሰ። እሱስ ይሁን፤ እኔን ያስፈራኝ ዝም ስትል ነው። ይኼ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ይዞ አንተን ይጠብቃል። ስማ፣ ወደ መቃብሩ ቀጣይዋ እኔ ነኝ። ወረፋዬን እንዳትነካ!»

ሳቁ ጋብ ሲል ማራማ ማንኪያዋን አስቀመጠች። የፓኦራ ወንድም ልጅ ናት፤ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆና ትሠራለች።

«አጎቴ፣ ይኼ የቀልድ ነገር አይደለም። ስትተኛ ጉሮሮህ ይዘጋና ትንፋሽህ ይቋረጣል። ሌሊቱን ስትታገል እያደርክ ቀን ትዝላለህ። በዚህ ሁኔታ ግንድ ጭነህ መንዳት የለብህም። ደም ግፊት ያመጣል፣ ልብ ይጎዳል…» ሜሬአናን አየት አደረገቻት። «ሌላም ነገር ያደክማል።»

«ምን ሌላ?» አሉ አክስት ዊኪ።

«የባልና ሚስት ነገር ነው፣ አያቴ።»

«ዘጠኝ ወልጃለሁ፤ ተናገሪ።»

«ፍላጎት ይጠፋል። ወንዱንም… አልታዘዝ ይለዋል። ከማንኮራፋት የመጣ መሆኑን ብዙዎቹ አያውቁም። ትንፋሽ የሚያግዝ ማሽን አለ፤ አፍንጫ ላይ ይደረጋል። ሲታከሙ ለብዙ ሰው ይሻለዋል።»

ዳቦ የጎረሰ ሁሉ ማኘኩን አቆመ። ሜሬአና ሻይዋ ውስጥ የሆነ ነገር የጠፋባት ይመስል አቀረቀረች። የፓኦራ ጆሮዎች ጋሉ። ዘመዱን አየ፤ ማራማን አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ እኮ አንኮራፋለሁ» አለ።

አክስት ዊኪ ያልሰሙ ይመስል መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«አንኮራፋለሁ!» ብሎ ተነሳ። «ከጎረምሳነቴ ጀምሮ! እንደኔ የሚያንኮራፋ በዚህ ዳርቻ ካለ ይምጣ! ሜሬ፣ ያን የቀረጽሽውን አሰሚያቸው እንጂ!»

«የጀልባ ሞተር ነው አላልከኝም?»

«የምን ጀልባ አመጣሽ! እኔ ነኝ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ አጎት ጠረጴዛ ደበደበ። ፓኦራ እንደ ተሸለመ ሰው እጁን አውለብልቦ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወደ ሚስቱ ጆሮ ጠጋ አለ።

«ያለቀልኝ መስሎኝ ነበር» አላት።

«እኔ ደግሞ ያስጠላሁህ።»

«አንቺ?» አለ። ገንፎውን ረስቶ አያት። «አንቺ?»

«ሹክሹክታው ይብቃ» አሉ አክስት ዊኪ። «የመኪናውን ቁልፍ ለሚስትህ ስጥ። በዓሉ እንዳለፈ ጤና ጣቢያ ትሄዳለህ፤ ካልሄድክ እኔ መጥቼ እወስድሃለሁ።»

በማግስቱ ሜሬአና እየነዳች ተመለሱ። ፓኦራ ገና ግቢውን ሳይወጡ ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ማንኮራፋት ጀመረ። ትንፋሹ ቀጥ ባለ ቁጥር ጉልበቱን መታ ታደርገዋለች፤ ይመለሳል፤ ትነዳለች።

ቤት ሲደርሱ ቀትር ነበር። ፓኦራ ሻንጣውን ይዞ መኝታ ቤት ገባ። ዞር ሲል ሜሬአና ትራሷን ታቅፋ ተከትላዋለች።

«ሜሬ፣ ማሽኑ እኮ ገና አልመጣም» አላት ተጨንቆ። «እንቅልፍ እነሳሻለሁ።»

«በጠራራ ፀሐይ ማን ሊተኛ መጣ?» አለችና በሩን በተረከዟ ገፍታ ዘጋችው።