የግራው ድምፅ ማጉያ

ሰው አንድ ነገር ሲጎድልበት መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ገበያ ነው። የሚሸጥ መድኃኒት የሌለው ጉድለት ያለ አይመስለንም። እናንተም ቤት ሳይኖር አይቀርም፤ ተገዝቶ ያልጠቀመ፣ እንዳይጣል ደግሞ የሚያሳሳ ዕቃ። የእኔ ቁም ሳጥን በእንዲህ ያለ ዕቃ ተሞልቶ ነበር።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ከጎጃም ተዛውሬ ቡታጅራ አስተምር ነበር። አንድ ክረምት አዲስ አበባ ሄጄ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ ያለው የሸክላ ማጫወቻ ገዛሁ። ሻጩ "መሐል ከተቀመጡ ዘፋኙ ፊት ለፊትዎ ይቆማል" አለኝ። ቤቴ ወስጄ መሐል ተቀመጥኩ። ዘፋኙ ግን ሊሄድ እንደተነሣ እንግዳ በስተቀኝ፣ በሩ አጠገብ ቆሟል። የግራው ድምፅ ማጉያ ያንሾካሽካል እንጂ አይዘፍንም።

ተመልሼ ብሄድ ሻጩ ድምፅ ያጠራል ያለውን ወፍራም የመዳብ ሽቦ ሸጠልኝ። በሌላ ጊዜ የጎማ እግር፣ በሌላ ጊዜ ሸክላ መጥረጊያ የከፋይ ብሩሽ። ቆሼ ከተማ ያለ አንድ ራዲዮ ጠጋኝ "መርፌው ላይ ሳንቲም ለጥፍበት" ቢለኝ ለጠፍኩ። ከሥሩም የእንሰት ቃጫ ጎዘጎዝኩለት። ሁለቱን ድምፅ ማጉያዎች ቦታ ባቀያይራቸው አሁንም በግራ ያለው ደከመ፤ እንግዲያው ጥፋቱ የግድግዳው እርጥበት ነው ብዬ ግድግዳውን በሰሌን ሸፈንኩ። በየጊዜው ባልደረቦቼን ጠርቼ "አሁንስ?" እላለሁ። "በጣም ተሻሽሏል" ይሉኛል። ይሉኝታ ባለበት አገር ድምፅ ማሻሻል ቀላል ነው፤ ከባለቤቱ በቀር ለሁሉም ይሻሻላል።

ባለቤቴ ዘርፌ ብቻ ምንም አትልም። ስንጋባ ጨዋታ ወዳጅ ነበረች፤ ቡታጅራ ከመጣን ወዲህ ግን ዝምታ አብዝታለች። አገሩ አልስማማት ብሎ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ሐጂ ሸረፋ፣ የመስቃኑ የበርበሬ ነጋዴ፣ "አሰላሙ አለይኩም" ብለው ገቡ። ሸክላ አጫወትኩላቸውና "የግራው አይደክምም?" አልኳቸው።

ጥቂት አዳመጡ። "ሁለቱም እኩል ናቸው፣ መምህር። እስቲ ወንበርዎን አዙረው ጀርባዎን ይስጧቸው።"

ዞርኩ። ደካማው በረታ፤ ብርቱው ደከመ።

ሐጂ አልሳቁም። "ዕቃው ደህና ነው። ጆሮዎን ይታዩ" አሉኝ ቀስ ብለው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ ያውም በአንዱ ጆሮዬ ብቻ መሆኑን ግን አላወቅሁም።

ሰኞ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ድሬሰሩ አየኝና የግራው ጆሮዬ በልጅነት ሕመም ተጎድቶ እንደቀረ፣ ከእንግዲህም እንደማይመለስ ነገረኝ። ምሳ ላይ ለዘርፌ አወራኋት።

"የትኛው ጆሮህ?" አለች።

"ግራው።"

ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠች። የቀድሞው የጎጃም ቤታችን ሰፊ ስለነበር ፊት ለፊት ነበር የምንቀመጠው። በዚህ ጠባብ ቤት ግን ጠረጴዛው ግድግዳ ተጠግቷል፤ እሷም ሁልጊዜ የምትቀመጠው በግራዬ ነው።

"እኔ እኮ የናቅኸኝ መስሎኝ ነው ማውራት የተውኩት" አለች። "ሳወራህ ዞር ብለህ እንኳ አታየኝም ነበር።"

ተነሥቼ ቦታ ተቀያየርን። በቀኜ ተቀመጠች፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ከዚያም ማውራት ጀመረች። የሁለት ዓመት ወሬ ተጠራቅሞ ኖሯል።

የጀመረችው ከእናቴ ነው። አንድም ቃል አላመለጠኝም።